መጨረሻ የተጻፈው ልጅ

ወረቀት በማስመሪያ እያሰመርኩ ነበር። በአንዱ ወረቀት ላይ አምስት ሣጥን፣ በየሣጥኑ ውስጥ ሦስት መስመር። ጠዋት በሩ ከመከፈቱ በፊት ሃያ ያህል አዘጋጃለሁ፤ ባለጉዳይ ኮምፒውተሩ ፊት ከመቀመጡ በፊት የቤተሰቡን ነገር ሁሉ በእርሳስ እዚያ ላይ ይጽፍልኛል። እንዲህ አድርግ ብሎ ያዘዘኝ ሰው የለም። በሦስት ዓመት ውስጥ እኔው ራሴ ያመጣሁት ልማድ ነው፤ በልማዱም እኮራ ነበር።

ሥራዬ የመድኃኒት ድጋፍ ለሚጠይቁ ሰዎች ማመልከቻ መሙላት ነው። ማመልከቻው በድረ ገጽ የሚሞላ ሲሆን አምስት ገጽ አለው። በመጀመሪያው ገጽ የቤቱ ኃላፊ፣ በሁለተኛው የቤተሰቡ አባላት፣ በሦስተኛው የእያንዳንዱ አባል ሕመም፣ በአራተኛው ለእያንዳንዱ ሕመም የታዘዘው መድኃኒት ይሞላል፤ አምስተኛው ፊርማ ነው። መድኃኒቱ በሕመሙ ሥር፣ ሕመሙ በሰውየው ሥር፣ ሰውየው በቤቱ ሥር ነው ማለት ነው። ከኋላዬ ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል የጻፍኩት ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ «እባክዎ ወደ ቀደመው ገጽ አይመለሱ። ከተመለሱ የሞሉት ሁሉ ይጠፋል።»

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የገባው አናጢው ነበር። አናጢነቱን ያወቅሁት ከጆሮው ጀርባ ከሰካት እርሳስና ቅንድቡ ላይ ካረፈው የእንጨት ብናኝ ነው። ከሁለት ወር በፊት የሟች እኅቱን ልጆች ማመልከቻ የሞላሁለት እኔ ነበርኩ። ዛሬ የተፈቀደበትን ደብዳቤ ይዞ መጥቷል።

«ወንድሜ፣ ምናልባት ማንበቡ አቅቶኝ ይሆናል፤ እስቲ አንተ እየው» አለኝ።

አየሁት። ልጅ አንድ፣ ሴት፣ የአሥራ አንድ ዓመት፣ የአስም ፓፍ ተፈቅዷል። ልጅ ሁለት፣ ወንድ፣ የሰባት ዓመት፣ የአስም ፓፍ ተፈቅዷል።

«አስም ያለበት ትንሹ ብቻ ነው» አለ አናጢው። «ትልቋ ሚጡ የሚጥል በሽታ ነው ያለባት። የሷ ክኒን ነው። ለመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ብነግረው፣ ወረቀቱ የሚለው ፓፍ ነው፣ እኔ ከወረቀቱ ውጪ ምን ልስጥህ አለኝ። ሁለት ፓፍ ሰጠኝ። አንዱን መለስኩለት። እሷ ምን ታደርግበታለች? የሌላ ሰው ልጅ ድርሻ ነው ብዬ መለስኩለት።»

«ክኒኑ መቼ ነው ያለቀው?»

«አሥራ ሁለት ቀኑ። ሁለት ጊዜ ወድቃለች። አንዱ ደረጃ ላይ ነው።» የጣውላ ርዝመት የሚነግረኝ ይመስል ነበር፤ ድምፁ ከፍም ዝቅም አላለም። «ዝርዝሩ ዛሬ ይዘጋል አሉኝ።»

እውነቱን ነው። የተሞላን ማመልከቻ ማረምም ሆነ መድኃኒት መጨመር የሚቻለው ዝርዝሩ ክፍት ሳለ ብቻ ነው። በዚያ ቀን በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል፤ ተመልሶ የሚከፈተው ከስድስት ወር በኋላ ነው። የሚያጸድቁትም ሰዎች የሚያዩት ፎርሙን ነው እንጂ ሰውየውን አይደለም።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሳይ የመጀመሪያዬ አልነበረም። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ፣ ሁለት በሽተኛ ካለበት ቤት፣ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው ተጽፎ ይመጣል። እኔም «አጽዳቂዎቹ ተሳስተው ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዙር ያመልክቱ» እያልኩ እሸኛለሁ። አብዛኛው ቤት አንድ በሽተኛ ብቻ ስላለው ነገሩ ጎልቶ አልታየኝም። ወይም እንዲታየኝ አልፈለግሁም። ሁለተኛ ፎቅ ወጥቼ የፕሮግራም ክፍሉን በር ማንኳኳት ለእኔ ተራራ መውጣት ነበር።

ያን ጠዋት ግን ሳንጠራቸው እነሱ መጡ። የማተሚያው ገመድ ከላይ ጀምሮ ተበላሽቶ ኖሮ እሱን እየተከተሉ እኔ ክፍል ደረሱ። ፊት ለፊት የሚሄደው ጋሼ ነው። ይህን ማመልከቻ ከአሥር ዓመት በፊት ብቻውን የሠራው እሱ ነው፤ ጡረታ ሊወጣ ዓመት ቀርቶታል፤ መነጽሩ በክር አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ «መነጽሬን ያያችሁ?» ይላል። ከኋላው አዲሷ ትከተለዋለች። ትምህርቷን ጨርሳ ከተቀጠረች ሁለት ወሯ ነው፤ መሥሪያ ቤታችን ሰው አንዴ አዲስ ካለ ሌላ ሰው እስኪቀጠር አዲስ ነው የሚለው፣ ሌላ ሰው ደግሞ ቶሎ አይቀጠርም።

ጋሼ ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ ብሎ ገመዱን ሲያይ አናጢው ደብዳቤውን አጥፎ ሊሄድ ተነሣ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አፌ ከእኔ ቀድሞ ተናገረ።

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ይህን ደብዳቤ ቢያዩት?»

ተቀብሎ አነበበው፤ መነጽሩን ፈልጎ አገኘና ደግሞ አነበበው።

«ሲሞላ ነው የተሳሳተው» አለ። «ኮምፒውተር የተሰጠውን ነው የሚይዘው። እንደኛ ከራሱ አይጨምርም።»

«ባይጨምርም ሊቀንስ ይችላል ጋሼ» አለች አዲሷ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ይፈቀድልኝና ልሞክረው።» ወንበሬን ለቀቅሁላት። የሌለ ቤት ፈጠረች፤ ሁለት ልጆች አስገባች። ለአንደኛው ክኒን፣ ለሁለተኛው ፓፍ ጻፈች። ወደ አምስተኛው ገጽ አለፈችና ከመፈረሟ በፊት እኔ ሁልጊዜ ሳላነበው የማልፈውን ማጠቃለያ አወጣችው። ሁለቱም ልጆች ፓፍ ይላቸዋል።

ጋሼ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ከገጽ ወደ ገጽ ስናልፍ ቀደም ብሎ የተሞላው ነገር የት ነው የሚቆየው?»

«ገጹ ራሱ ተሸክሞት ይሄዳል። በማይታዩ ሣጥኖች ውስጥ ነው ያኖርኩት። ባለጉዳዩ አያያቸውም፤ ግን ወደሚቀጥለው ገጽ ባለፈ ቁጥር አብረውት ያልፋሉ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ባንዴ ወደ ዋናው ኮምፒውተር፣ ወደ ሰርቨሩ ይገባሉ።»

«የክኒኑ ሣጥን ስሙ ማን ነው?»

«መድኃኒት።»

«የፓፉስ?»

ጋሼ ትንሽ ዘገየ። «እሱም መድኃኒት» አለ።

«ስማቸው አንድ ስለሆነ ፕሮግራሙ የኋለኛውን ሲቀበል የፊተኛውን ይጥላል። ከዚያ የተረፈውን ለሁሉም ያድላል። የቱ የማን እንደሆነ የሚያውቅበት ነገር የለውማ። ገጹ ላይ ስናየው ልጁ ከነሕመሙ ከነመድኃኒቱ አንድ ላይ ነው። መንገድ ላይ ግን ሁሉም ተበትኖ አንድ ጆንያ ውስጥ ይገባል።»

«እንግዲህ» አለ አናጢው፣ እስከዚያ ቆሞ ነበር፤ «መጨረሻ የተጻፈው ነው የሚተርፈው ማለት ነው?»



«አዎ» አለች አዲሷ።

እዚህ ላይ አንባቢ ጋሼን ግድ የለሽ አድርጎ እንዳይወስደው እለምናለሁ። ክርክሩ የከበደው ጋሼ ምክንያት ስለነበረው ነው።

«የመድኃኒቱ ሣጥን ስም ይታረማል» አለ። «መድኃኒት አንድ፣ መድኃኒት ሁለት እያልን ቁጥር እንሰጠዋለን።»

«አንዱ ልጅ ሁለት ሕመም፣ አንዱ ሕመም ሦስት መድኃኒት ቢኖረውስ? መድኃኒት አራት የማን ነው? እሺ፣ ስሙን አሳምረን ከነአባቱ ከነአያቱ ጻፍነው እንበል፤ የሁለተኛው ልጅ የመጀመሪያው ሕመም ሦስተኛ መድኃኒት ብለን። አሁንም ሁሉም በገጹ ጫንቃ ላይ ነው ያለው። ሰውየው አንድ ገጽ ወደ ኋላ ከተመለሰ ሸክሙ ይራገፋል።»

«መመለስ የለበትማ። ለሱ ማስታወቂያ አለ» ብሎ ጋሼ ወደ ግድግዳዬ ጠቆመ።

አዲሷ ማስታወቂያውን አየችው፤ ከዚያ እኔን።

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«መቼ?»

«ሦስት ዓመት ይሆነዋል።»

«ለማን ተናገርክ?»

«ለማንም።»

አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሰዎች ሕፃን አዝለው መጥተው፣ ሽንት ቤት ሳይሄዱ፣ ድንገት ረስተው ወደ ኋላ እንዳይመለሱ እጄን እያዩ ሲሞሉ ኖረዋል። እኔም ወረቀት እያሰመርኩ፣ ረዳኋቸው እያልኩ፣ ሰዉን ከጉድለቱ ጋር እንዲኖር አለማምጄዋለሁ። ጉድለቱን ለሚጠግነው ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ አልነገርኩትም። ትጋት መስሎኝ ነበር። ዛሬ ስሙን አውቀዋለሁ፤ ፍርሃት ነው።

«ምን ይደረግ ነው የምትይው ታዲያ?» አለ ጋሼ።

«በየገጹ ሰርቨሩ ላይ ይቀመጥ። ቤቱ ከነአባላቱ፣ አባሉ ከነሕመሙ፣ ሕመሙ ከነመድኃኒቱ፣ እንደተሰካካ እንዳለ፣ ረቂቅ ተብሎ። ገጹ የረቂቁን መለያ ቁጥር ብቻ ይያዝ።»

«ያላለቀ ነገር ሰርቨር ላይ አይቀመጥም» አለ ጋሼ። ድምፁ ዝቅ አለ። «ይህን ሕግ ዝም ብዬ አላወጣሁትም ልጄ። በፊት በነበርኩበት መሥሪያ ቤት ያላለቀውን ሁሉ እናስቀምጥ ነበር። ሰው ይጀምራል፣ ይተወዋል፤ ይጀምራል፣ ይተወዋል። በመዝጊያው ቀን ሰርቨሩ ጢም ብሎ ሞልቶ ቀጥ አለ። ሁለት ቀን። በር ላይ የቆሙትን ሰዎች ዛሬም ባገኛቸው በመልካቸው አውቃቸዋለሁ። ዳግመኛ አላደርገውም ብዬ ማልኩ።»

«ገባኝ ጋሼ። ግን ያን ቀን ጥፋቱ ማስቀመጡ ነበር ወይስ አለማጽዳቱ? ረቂቁ ሠላሳ ቀን ሳይነካ ከቆየ ራሱ ይሰረዝ።»

«የሰው ሕመም ነው እኮ። ያልፈረመበትን የሰው ሕመም እኛ ዘንድ እናቆይ?»

«አሁን የት ነው ያለው? ገጹ ጀርባ ላይ። ትንሽ የሚያውቅ ሰው ገጹን ገልብጦ ያነበዋል፤ ከፈለገም ቀይሮ ይልከዋል፣ እኛም አምነን እንቀበለዋለን። እኛ ዘንድ ቢሆን ከባለቤቱ በቀር ማንም አይከፍተውም። በየገጹም እንፈትሸዋለን።»

«ልጅ ናችሁ፤ ሁሉን ነገር አስቀምጡ ነው የምትሉት» አለ ጋሼ፤ መከራከሪያው ግን እያለቀበት መሆኑ ከመነጽሩ መጥረግ ያስታውቅ ነበር። «ሰው ሐሳቡን ጨርሶ ይምጣ። ያልጨረሰ ነገር ምን ይሆናል?»

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ አናጢው። «የኮምፒውተሩን አላውቅም። ያልጨረሰ ነገር ስትሉ ነው። እኔ አንድ ቁም ሣጥን አምስት ስድስት ቀን ይፈጅብኛል።»

«እሺ?» አለ ጋሼ።

«ማታ ማታ ያላለቀውን ቁም ሣጥን ተሸክሜ ቤቴ አልሄድም። ብሸከመው መንገድ ላይ ይፈታል። ኮላው ሳይደርቅ በማጥበቂያ ሞርሳ አስሬው ወርክሾፕ ውስጥ ትቼው፣ ቆልፌ፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ እሄዳለሁ። ጠዋት ስመለስ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። የመሳቢያው ወለል ጠማማ ከሆነብኝ እሱን ብቻ አውጥቼ አስተካክላለሁ፤ ሌላውን አላፈርሰውም።»

ጋሼ መነጽሩን መጥረጉን ተወ።

«መሳቢያዎቹ ይመሳሰላሉ አይደለም እንዴ? እንዴት አይደባለቁብዎትም?»

«እጽፍበታለኋ። እያንዳንዷ ጣውላ ጀርባ ላይ በእርሳስ፦ የግራ በኩል፣ ሁለተኛ መሳቢያ፣ የፊት ጎን። እንዲያው መሳቢያ ብዬ ብጽፍማ አራቱም መሳቢያ አይደሉ እንዴ?»

«ቁም ሣጥኑን የጀመረው ሰው ባይመለስስ? ቦታ አይያዝብዎትም?»

«ወር እጠብቀዋለሁ። ከዚያ ጣውላውን ለሌላ አደርገዋለሁ። ለሁሉም ሰው መጀመሪያውኑ እነግራለሁ።»

 ጋሼ አዲሷን ሳይሆን አናጢውን ነበር ረጅም ጊዜ የሚያየው፤ ሁለቱም በእጃቸው ሠርተው የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ያንዱን ሥራ የሚያውቅበት አስተያየት ነው ያየው።

«አሥር ዓመት» አለ በመጨረሻ፤ «ሰዉን ቁም ሣጥን አሸክሜ ከክፍል ክፍል ሳዞረው ኖሬያለሁ።»

እንግዲህ ተጠራጣሪው አመነ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ምክር ይሆን ነበር፤ እኔም እዚህ ላይ ባቆመው ደስ ባለኝ።

«ዛሬ ይስተካከላል?» አለ አናጢው።

አዲሷ ጋሼን አየችው። ጋሼ አይሆንም በሚል ራሱን ነቀነቀ።

«ዛሬ መዝጊያው ነው። በዚህች ሰዓት በየቦታው ብዙ ሺህ ሰው እየሞላ ነው። ኮዱን አሁን ብነካውና ብሳሳት የሁሉም ይቆማል። ሥራው የሦስት አራት ሳምንት ነው። ሐቁን ልንገርዎት ብዬ ነው።»

«ልክ ነው» አለች አዲሷ። ከክርክሩ ሁሉ የከበዳት ይህን ማለት መሆኑን ፊቷ ይናገር ነበር።

«ሁለቱን ለየብቻ ብንሞላቸውስ?» አልኩ እኔ።

«አንድ ቤት አንድ ማመልከቻ ነው ያለው። ሁለተኛው ሲገባ የመጀመሪያውን ይሽረዋል» አለ ጋሼ። «አብሮ የሚሄድ ደብዳቤ እጽፍልዎታለሁ። እኔ ራሴ ይዤው እሄዳለሁ።»

«አጽዳቂዎቹ ደብዳቤውን ያዩታል?» አለ አናጢው።

ጋሼ ዋሽቶ አያውቅም። «አላውቅም» አለ።

አናጢው ተቀመጠ። እርሳሷን ከጆሮው ጀርባ አውርዶ ካሰመርኳቸው ወረቀቶች አንዱን ወሰደ። ሳይጽፍ ብዙ ቆየ። ምን እያደረገ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ አንዳችንም አላየነውም። አዲሷ ወደ መስኮቱ ዞረች። ጋሼ ገመዱን መጠቅለል ጀመረ፣ ጠቀለለው፣ ፈታው።

«ትንሹ» አለ አናጢው ወረቀቱን እያየ፤ «ትንሹ ሲያፍነው ተቀምጦ ይጠብቃል። አስተምሬዋለሁ። ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። እሷ ግን ጊዜ አይሰጣትም። መንገድ ላይ ልትሆን ትችላለች። ውሃ ቀድታ ልትሆን ትችላለች።»



«እጄ ላይ ያለው ፓፍ ለወር ይበቃዋል። ከዚያ ደብዳቤው ይደርሳል። አይደል?»

«እንሞክራለን» አለ ጋሼ።

«እንግዲህ ትንሹን አስቀድመው። እሷን መጨረሻ ጻፋት።»

ሞላሁት። ወንዱን አንደኛ፣ ሴቷን ሁለተኛ። ፓፉን ስጽፍ እንደሚጠፋ እያወቅሁ ሆሄያቱን አጥርቼ ጻፍኩ። አምስተኛው ገጽ ላይ ማጠቃለያው ወጣ፤ ሁለቱም ልጆች የሚጥል በሽታ ክኒን ይላቸዋል። አናጢው አነበበና ፈረመ። ሲወጣ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ፤ አንዱ እግሩ እንደሚወላገድ አይቶ «ይህን ሌላ ቀን አስተካክልልሃለሁ» አለኝ። የሞላበትን ወረቀት እንደ ሌሎቹ ባለጉዳዮች ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ አኖርኩት።

ጋሼ ቃሉን ጠበቀ። ደብዳቤውን ጽፎ አጽዳቂዎቹ ዘንድ ሁለት ጊዜ በእግሩ ሄደ። መጀመሪያ «ማስረጃችን ፎርሙ ነው» አሉት፤ ሁለተኛ ጊዜ «በሚቀጥለው ዙር ይታያል» የሚል ማኅተም ያለበት መልስ ሰጡት። ከዚያ በኋላ ከአዲሷ ጋር ተቀምጦ እንደ ተማሪ ሠራ። በምሳ ሰዓት ደረጃው ላይ ሲከራከሩ እሰማቸው ነበር፤ «ጋሼ፣ ይህ አባል ከቤቱ ሲወጣ በሥሩ ያለው ሁሉ አብሮ መውጣት አለበት»፣ «አባሉ የሌለው መድኃኒት ተንሳፍፎ እንዳይቀር ነው የምትይው?»፣ «አዎ፤ የሌላው ግን እንዳይነካ»። አሮጌዎቹን ማመልከቻዎች ወደ አዲሱ ሲያዛውሩ፣ ሁለት በሽተኛ ያለባቸውን ቤቶች ወረቀት ከመሳቢያዬ ለቅሜ ለአዲሷ ሰጠኋት። ሠላሳ አንድ ነበሩ። ሁሉንም እንደ ትክክለኛው አስገባቻቸው። ዝርዝሩ ዝግ ስለሆነ ማንም መድኃኒት አያገኝበትም፤ ግን ቢያንስ እውነቱ ተጽፏል አለች። ሁለተኛ ፎቅ በሚቀጥሉት ቀናት አምስት ጊዜ ወጣሁ። በሩ ከባድ በር አልነበረም።

በሰባተኛው ሳምንት ጠዋት አናጢው መጣ። ትንሽ የእንጨት ሽብልቅና መዶሻ ይዟል። ሰላም ብሎኝ ተቀመጠ።

«ዝርዝሩ ዝግ መሆኑን አውቃለሁ» አለ። «ሰው ማስወጣት ግን በማንኛውም ጊዜ ይቻላል አሉኝ።»

«ይቻላል» አልኩት። ከዚያ ምን እንዳለኝ ገባኝ።

«ትንሹን ላስወጣው ነው የመጣሁት።»

ስልኩን አንስቼ ሁለተኛ ፎቅ ደወልኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ሁለቱም ወረዱ። ጋሼ አናጢውን ሲያየው መጠየቅ አላስፈለገውም። አናጢው ራሱ ነገረን። ትንሹ ያረፈው ፓፉ ካለቀ በአምስተኛው ቀን ነው። እሱ ሥራ ላይ ነበር። ሚጡ ናት አብራው የነበረችው።

«ተቀምጦ ጠብቋል» አለ። «እንዳስተማርኩት። ቀስ ብሎ ሲተነፍስ ነበር ትላለች።» ደግሞም፦ «ያን የመለስኩትን ፓፍ አስባለሁ። ሌላ ነገር አላስብም።»

 ጋሼ ወንበር ስቦ ከአናጢው ጎን ተቀመጠ።

«እኔ ላሳይዎት» አለ። «እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።»

ማመልከቻውን ከፈተው። ያለ ወረቀት፣ ያለ መጣደፍ። በየገጹ ሲያልፍ ቀስ እያለ ይነግረዋል፤ የተሞላው ሁሉ በየገጹ እንደሚቀመጥ፣ ሰው ደክሞት ቤቱ ቢሄድ ነገ ካቆመበት እንደሚቀጥል፣ እያንዳንዱ ልጅ ከነሕመሙ ከነመድኃኒቱ በራሱ ቦታ እንደሚቆም፣ አንዱ ልጅ ከሌላው በኋላ ስለተጻፈ ሌላው እንደማይጠፋ፣ ወር ሳይነካ የቆየ ረቂቅ እንደሚሰረዝና ይህም ለሁሉም ሰው አስቀድሞ እንደሚነገር። ጥቅሙን አንድም ሳያስቀር ዘረዘረለት። ሁሉም እውነት ነበር። አናጢው እያንዳንዱን ራሱን እየነቀነቀ ሰማው፤ የሠራውን ዕቃ ለሚያሳየው የሙያ ባልደረባ ሰው እንደሚነቀንቀው።

አራተኛው ገጽ ላይ ሁለቱም ልጆች ነበሩ። ወንድ፣ ሰባት ዓመት፣ አስም፣ ፓፍ። ሴት፣ አሥራ አንድ ዓመት፣ የሚጥል በሽታ፣ ክኒን። የሁለቱም መድኃኒት በየስማቸው ሥር ሲታይ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

አናጢው ጣቱን ማሳያው ላይ፣ ፓፍ የሚለው ቃል ላይ አደረገ። የእንጨት ብናኝ አሻራው እዚያ ቀረ።

«ስሙ ያለው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው» አለ ጋሼ። «ወደ ኋላ ይመለሱ። ምንም አይጠፋም።»

ተመለሰ። ትንሹን መረጠ። ማሳያው ጠየቀው፦ «ከዚህ አባል ጋር አንድ ሕመምና አንድ መድኃኒት ይወጣሉ። ይቀጥሉ?»

አዲሷ ከኋላችን ቆማ ነበር። ይህን ጥያቄ የጻፈችው እሷ ናት። ወጥታ ሄደች።

አናጢው እሺ የሚለውን ተጫነ። ከዚያ ሳይነግሩት ወደ አራተኛው ገጽ ተመለሰና አየ። ሚጡ፣ ሕመሟና ክኒኗ እንዳሉ ነበሩ፤ ምንም አልተነካም።

«ጥሩ ሠርታችሁታል» አለ።

 ይህን የማነሣው የአናጢውን ምክር ጥቅም ለማሳነስ አይደለም። ከዚያ ወዲህ በዚህ ክፍል የሁለት ልጆች እናት፣ የሦስት ሕሙማን አስታማሚ፣ ራሱን የማያስታውስ አባቱን ይዞ የሚመጣ ሰው፣ ሁሉም ሞልተው በእርጋታ ይሄዳሉ፤ ረሳሁ የሚል ይመለሳል፣ ያርማል፣ ይቀጥላል። ጉድለት ያየ ሰው ያየውን ቶሎ ለሚያስተካክለው ይንገር እንጂ በጉድለቱ ዙሪያ ልማድ አይሥራ። ሌላ የምመክረው የለኝም። ጥሩ ነገር ዘግይቶ ሲመጣ ለቀረው ይጠቅማል፤ ለሄደው ግን ምንም አይሆንለትም።

አናጢው ወንበሩን ገለበጠው። ሽብልቁን በሚወላገደው እግር መገጣጠሚያ አስገብቶ ሦስት ጊዜ መታው፤ አቆመው፤ በመዳፉ ተጭኖ ሞከረው። አልተነቃነቀም። መዶሻውን ይዞ ወጣ።

ጋሼም ሄደ። እኔ ወንበሩ ላይ ወጥቼ ማስታወቂያውን ከአራቱም ማዕዘን ነቀልኩት። ፕላስተሩ ግድግዳው ላይ ቀርቶ ስለነበር በማስመሪያው ጠርዝ ፍቄ አነሣሁት። ወረቀቱን ለሁለት አጥፌ መሳቢያው ውስጥ፣ ካሰመርኳቸው ባዶ ወረቀቶች ሥር አስገባሁት፤ ማስመሪያውንም ከላይ አስቀመጥኩና ዘጋሁት።